ቤቱ ረከሰ፣ ኑሮውስ? ከአሌክሳንድሪያ ወደ ጄፈርሰን ካውንቲ

እዚህ ከመጣን ወዲህ የሚደውልልኝ ወዳጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እዚያ ቤት ስንት ነው?» ዋጋውን ስነግራቸው «በቃ እኛም እንመጣለን» ይላሉ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። «ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው?» አብዛኞቹ ግራ ይገባቸዋል። ቤት ዋጋና ማን ቤት ይውላል ምን አገናኘው? በእኔ ቤት ልምድ ዋናው እሱ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ጄፈርሰን ካውንቲ የዌስት ቨርጂኒያ የምሥራቅ ጫፍ ናት። ሼናንዶዋና ፖቶማክ ወንዞች የሚገናኙባት ሃርፐርስ ፌሪ እዚህ ናት። ዋና ከተማዋ ቻርልስ ታውን ትባላለች። ብዙ ሀበሻ ቻርልስ ታውንን የሚያውቃት በፈረስ እሽቅድምድሙና በካዚኖው ነው። (ማን ማን እንደሚሄድ አልናገርም።) በመንግሥት አቆጣጠር ካውንቲው ከዋሽንግተን ዙሪያ ይመደባል። ኑሮው ግን የገጠር ነው። የፖም እርሻ፣ የበቆሎ ማሳ፣ ከብት፣ በመሃል ደግሞ አዳዲስ ቤቶች።

እኛ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነበርን። ባለቤቴ ደለስ አየር ማረፊያ ይሠራል። እኔ ሊስበርግ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። ሁለታችንም በየቀኑ ወደ ምዕራብ ነበር የምንነዳው። ለባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በወር 2,400 ዶላር እንከፍል ነበር። ልጆቹ አደጉ፣ እማዬ ከአዲስ አበባ መጣች፣ ቤቱ ጠበበ። እዚህ ባለ ሦስት መኝታ ቤት፣ ግቢ ያለው፣ በ1,850 ዶላር ሲገኝ ማን እምቢ ይላል?

እስኪ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የአሜሪካ ገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ የምንለው፣ ለ2025 ለሥራ ለሚነዳ መኪና ያወጣው ተመን በማይል 70 ሳንቲም ነበር። ይሄ ቤንዚን ብቻ አይደለም። ጎማው፣ ዘይቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ መኪናው የሚያረጅበትም አለበት። ከቻርልስ ታውን ደለስ 40 ማይል ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 80። በወር 22 የሥራ ቀን ብንል 1,760 ማይል ይሆናል። በ70 ሳንቲም ሲባዛ 1,232 ዶላር። ከአሌክሳንድሪያ ሲሄድ ደግሞ 27 ማይል ገደማ ስለነበር በዚሁ ስሌት 830 ዶላር አካባቢ ነበር። ስለዚህ ከኪራዩ ካተረፍነው 550 ዶላር ውስጥ 400ውን መንገድ ወሰደው። የእኔ ሥራ ስለቀረበ ትንሽ መለሰልን እንጂ ትርፉ ያን ያህል አልነበረም።

አሁን ዳውንታውን ዲሲ የሚሠራ ሰው ያስብ። 65 ማይል ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 130። በተመሳሳይ ሂሳብ በወር 2,000 ዶላር ይመጣል። የቤቱ ርካሽነት በመንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ባቡር አለ። ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ ባቡር ብራንስዊክ መስመር ከማርቲንስበርግ ተነስቶ እኛ ካውንቲ ዳፊልድስና ሃርፐርስ ፌሪ ይቆማል፣ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል አድርጎ ዩኒየን ስቴሽን ይገባል። ግን ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ማታ ወደዚህ ነው። ቅዳሜና እሁድ የለም። ቢሮ ለሚሠራ ይመቻል። በሺፍት ለምንሠራው ለእኛ ብዙም አይረባም። ኡበር ለሚነዳ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዌስት ቨርጂኒያ ታርጋ ይዞ መሥራት ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ ያጣራ።

መንገዱ ራሱ መልኩ ሁለት ነው። ሩት 9 ከቻርልስ ታውን ሲነሱ ሰፊ ነው፣ ባለ አራት ሌን። ብሉ ሪጅ ተራራ ላይ የቨርጂኒያ ድንበር ሲደርሱ ግን ይጠብና ሁለት ሌን ይሆናል። ክረምት ላይ ከታች ዝናብ ሲዘንብ ከላይ በረዶ ሊሆን ይችላል። ጭጋጉም አለ። ቤት ለማየት እሁድ ከሰዓት የሚመጡ ሰዎች ይሄን አያዩም። ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ጥር ላይ፣ ነድታችሁ እዩት።

ከዚያ አጋዘን አለ። ዌስት ቨርጂኒያ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ መኪና ከእንስሳ ጋር በመጋጨት ስሟ በተደጋጋሚ ከላይ ይመጣል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይብሳል፣ ሲመሽና ሲነጋ። ኢንሹራንሳችሁን እዩት። አጋዘን ብትመቱ የሚከፍለው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ነው። አጋዘኑን ሸሽታችሁ ዛፍ ብትመቱ ግን ኮሊዥን ይሆናል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ኮምፕሪሄንሲቩን ያስወጣ ሰው እዚህ ሲመጣ መልሶ ያስገባ።

አሁን ወደ ቤቱ። የመጀመሪያው የተከራየነው ቤት ከከተማ ወጣ ያለ ነበር። ውሃው ከጉድጓድ፣ ፍሳሹ ሴፕቲክ (ግቢ ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ታንክ)፣ ማሞቂያው ፕሮፔን (በታንክ የሚሞላ ጋዝ)። ከተማ ውስጥ ቢል ሆኖ የሚመጣው አገልግሎት ሁሉ እዚህ የራሳችሁ ንብረት ነው። ሲበላሽም የራሳችሁ ነው። ተከራይ ስለነበርን ትልልቁን ወጪ ባለቤቱ ቻለው። እኛ ግን ደህና አድርገን ተማርንበት።

የዚህ ካውንቲ አብዛኛው መሬት የኖራ ድንጋይ ነው። ከሥር ስንጥቅና ዋሻ አለው። አንዳንዴ መሬቱ ድንገት ይሰምጣል። ለጉድጓድ ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዝናብ ሲዘንብ በእርሻው ላይ ያለው ሁሉ ሳይጣራ በስንጥቁ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ ቢያንስ በዓመት አንዴ ለባክቴሪያና ለናይትሬት መመርመር አለበት። ቤት ስትገዙ ደግሞ ሳይመረመር አትፈርሙ። ከዚህ ሌላ ውሃው ኖራ ይበዛበታል። በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። እማዬ የመጀመሪያውን ቡና ቀምሳ «ቡናውን ምን አደረጋችሁት?» አለች። ቡናው ያው ነው። ውሃው ነው።

ሴፕቲክ ያለው ቤት የሀበሻ ወጥ ቤት ብዙም አይስማማውም። የቡና አተላ በቀላሉ አይበሰብስም፣ ታንኩ ውስጥ ይጠራቀማል። ቅቤና ዘይቱ ከላይ ይረጋል። ሲንክ ውስጥ አተላ መድፋት ተከለከለ። በጎን አንድ ባልዲ ተቀመጠ፣ የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረጋል። ታንኩ ከ3 እስከ 5 ዓመት አንዴ ይመጠጣል። መጨረሻ የተመጠጠበትን ደረሰኝ ጠይቁ። ሌላም ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ሴፕቲክ የሚፈቀደው በመኝታ ክፍል ቁጥር ነው። ለ3 መኝታ የተፈቀደ ሴፕቲክ ላይ ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) ከፋፍዬ ለዘመድ አከራያለሁ ያለ ሰው ግቢው ውስጥ ፍሳሽ ሲወጣ ያየዋል። በኪራይ ሞርጌጁን እከፍላለሁ ብላችሁ ካሰላችሁ መጀመሪያ የሴፕቲኩን ፈቃድ አይታችሁ ይሁን።

ቤዝመንት ካነሳሁ አይቀር፣ ራዶንም አለ። ከመሬት የሚወጣ ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ ሳንባ ካንሰር ያመጣል። ምርመራው ርካሽ ነው። ውጤቱ በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኪዩሪ (የራዶን መለኪያ) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ማስወገጃ ይገጠማል። እኛ ሀበሾች እንግዳና ወላጅ ቤዝመንት ማሳደር እንወዳለን፤ ስለዚህ ይመርመር።

መብራት ሲጠፋ ነው ግን ገጠር የሚገባችሁ። የጉድጓዱ ፓምፕ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። መብራት ጠፋ ማለት ውሃም ጠፋ ማለት ነው። ለገና ዋዜማ ነበር፣ በረዶ ጥሏል። እማዬ ዶሮውን እያጠበች ነው። ዶሮ እንደምታውቁት አንድ ውሃ አይበቃውም። ሎሚውና ጨው ላይ ሳለች ድው አለና ጨለመ። ቧንቧው ትንሽ ተንጠባጠበና ቆመ። እማዬ እጇን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። «አዲስ አበባ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ነበረን። እናንተ አሜሪካ ምን አላችሁ?» ምንም አልነበረንም። ጎረቤታችን፣ ትራክተር ያላቸው ሽማግሌ፣ በፒካፓቸው በርሜል ሙሉ ውሃ ጭነው መጡ። ትልቅ ጄኔሬተር አላቸው። ትንሿን ከሱቅ የሚገዟትን እንዳንገዛ የነገሩንም እሳቸው ናቸው። አብዛኛው የጉድጓድ ፓምፕ 240 ቮልት ይፈልጋል፣ ትንሿ የምትሰጠው 120 ነው። ገና ካለፈ በኋላ ለምን እንደምናከብር አልገባቸውም ነበር። ዶሮውን ከቀመሱ በኋላ ግን የትንሣኤን ቀን ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ በረዶ ሲነገር መታጠቢያ ገንዳውን እንሞላለን። ጀሪካንም ገዛን።

ስለ ፕሮፔን አንድ ነገር ብቻ። ታንኩ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የኩባንያው ኪራይ ከሆነ ከሌላ ርካሽ ሻጭ ማስሞላት አትችሉም። ኢንተርኔት ደግሞ «አለ» የሚለውን ማስታወቂያ አትመኑ። ጎረቤቱን በር አንኳኩታችሁ ጠይቁ። የቤት ኢንሹራንስ ዋጋም ከመግዛታችሁ በፊት በአድራሻው ይጠየቅ። ከእሳት አደጋ ጣቢያ ከ5 ማይል በላይ የራቀ፣ ወይም በ1,000 ጫማ ውስጥ የእሳት አደጋ ውሃ መሳቢያ (ሃይድራንት) የሌለው ቤት ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ተራራው ላይ ደግሞ በጣም ርካሽ ቤቶች አሉ። እነዚያ ጋ የምትጠይቁት ስለ መንገዱ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው የሚይዘው መንገድ የለም፤ ከከተማ ውጭ ያለውን የሕዝብ መንገድ የሚጠግነውና በረዶ የሚጠርገው ግዛቱ ነው። የግል መንገድ ከሆነ ግን ነዋሪው አዋጥቶ ነው። ካላዋጣ አይጠረግም።

ግብሩ ላይ እውነቱን ለመናገር ቅሬታ የለኝም። የቤት ግብር የሚሰላው በገበያ ዋጋው 60 በመቶ ላይ ነው። ራሳችሁ የምትኖሩበት ከሆነ ተመኑ ከሚከራይ ቤት በግማሽ ያንሳል። ግን በራሱ አይመጣም፣ የካውንቲው ንብረት ገማች (አሴሰር) ቢሮ ሄዳችሁ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። መኪናም እንደ ቨርጂኒያ በየዓመቱ ግብር አለው። ከ2024 ጀምሮ በወቅቱ ከከፈላችሁ የስቴት ታክስ ስትሞሉ ይመለስላችኋል። ደረሰኙን አትጣሉ፣ ታርጋ ለማደስም ይጠየቃል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ቤት የሚውለው ማነው?

እኔና ባለቤቴ ጨለማ ሳይገፈፍ እንወጣለን። ልጆቹ አውቶቡስ ይወስዳቸዋል። ቤቱ ውስጥ የምትቀረው እማዬ ናት። አሌክሳንድሪያ ሳለን በእግሯ ሱቅ ትሄድ ነበር። ከጎንደር የመጡ ጎረቤት ነበሯት፣ ቡና ተራ በተራ ነበር። ጽዋ ማኅበር ነበራት። እኛ በትራፊክ ስንማረር እሷ አገሯ ያለች ይመስላት ነበር። እዚህ ስትመጣ አየሩን ወደደችው። ሜዳውን ወደደችው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ «እማዬ እንዴት ዋልሽ?» አልኳት። «አጋዘን ስቆጥር ዋልኩ» አለችኝ። ሳቅን። በሌላም ቀን እንደዚያው አለች። ያኔ አልሳቅንም።

መንገዱ የእግረኛ መሄጃ የለውም። መኪኖቹ ይከንፋሉ። እሷ አትነዳም። የቅርቡ ሱቅ በእግር የሚደረስ አይደለም። ቅዳሴ ለመድረስ እሁድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መነሳት ነበረብን። ባለቤቴ ሌሊት ሠርቶ ሲገባ አይሆንም፣ በረዶ ሲጥል አይሆንም። ስልክ ላይ በቀጥታ የሚተላለፈውን ቅዳሴ ነጠላዋን ለብሳ ቆማ ትከታተላለች። ጾሙን ያለ ጎረቤት መጾም ከበዳት። እኛ ያተረፍነውን ገንዘብ የምትከፍለው እሷ ነበረች።

እኔ እንደሚመስለኝ ቤቱን መምረጥ ያለበት ሞርጌጁን የሚከፍለው ሰው ብቻ አይደለም። ቀኑን እዚያ የሚያሳልፈውም ነው። ወላጅ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ቤት ስታዩ ይዛችኋቸው ሂዱ። በሩ ላይ አቁማችሁ «እማዬ፣ ከዚህ ወጥተሽ የት ትሄጃለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልሱት ካጡ ወጥ ቤቱ የቱን ያህል ቢያምር ሌላ እዩ።

እኛ አንድ ክረምት ከከራረምን በኋላ ካውንቲውን አልለቀቅንም። ገጠሩን ለቀን ከተማዋ ውስጥ ገባን። ራንሰን የምትባል ከቻርልስ ታውን ጋር የተያያዘች ትንሽ ከተማ ናት። የገዛነው ቤት አርጅቷል፣ ከተከራየነውም ያንሳል። ተራራው ላይ በዚያ ዋጋ ሰፊ ግቢ ያለው እናገኝ ነበር። ግን የከተማ ውሃ አለው፣ የከተማ ፍሳሽ አለው፣ የእግረኛ መንገድ አለው። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። አነስተኛ ሆስፒታል ስለሆነ ለልብና ለመሳሰሉት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል፣ ግን ድንገት ሲያማት በደቂቃ እንደርሳለን። እዚያ አማርኛ የሚናገር ሰው አትጠብቁ። በስልክ አስተርጓሚ ግን በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፣ ጠይቁ። ልጅ ለእናቷ የሕክምና ነገር ስታስተረጉም መዋል የለባትም።

እማዬ አሁን ፋርማሲ በእግሯ ትሄዳለች። የኢስተርን ፓንሃንድል ትራንዚት አውቶቡስን ሾፌሮቹን ሁሉ ታውቃቸዋለች። ቅዳሜ ማታ አሌክሳንድሪያ የድሮ ጎረቤቷ ቤት ታድራለች፣ እሁድ አስቀድሳ፣ ማኅበሯን ጠጥታ ከሰዓት እናመጣታለን። ጎመን ተክላ ነበር። አጋዘኖቹ ከተማም ይገባሉ ለካ።

ልጆቹ? ከምንፈራው ተሻለ። ክፍል ውስጥ ሀበሻ እነሱ ብቻ ናቸው። ጥቁር ግን በዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ጆን ብራውን ባርነትን ተቃውሞ ተነስቶ የተፈረደበት ፍርድ ቤት ቻርልስ ታውን መሃል ቆሟል። የተሰቀለውም በ1859 እዚሁ ከተማ ነው። ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ከ1867 እስከ 1955 ጥቁሮች የሚማሩበት ስቶረር ኮሌጅ ነበረ። ልጄ ይሄን ከትምህርት ቤት ይዞ መጥቶ ለአያቱ ሲተርክ ጥሩ ሆኖ ታየኝ። የምርጫ ሰሞን አንዳንድ ግቢ የሚሰቀለው ባንዲራ ደግሞ ደስ አይልም። ሁለቱም አለ።

ስለ ብድር ከጠየቃችሁኝ፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት፣ ዩ ኤስ ዲ ኤ፣ ለገጠር ቤት ገዢ የሚሰጠው ዋስትና አለ። ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) አይጠይቅም። መጀመሪያ ላይ 1 በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ 0.35 በመቶ ክፍያ አለው። የቤተሰብ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶ መብለጥ የለበትም።  አድራሻውን በካርታቸው ላይ አስገብታችሁ ነው የምታውቁት። አንዱ ሰፈር ተፈቅዶ ጎኑ ያለው ሊከለከል ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ወረቀት ነው፣ ምክንያቱም ካውንቲ ብቻ ሳይሆን ስቴት ነው የምትቀይሩት። መንጃ ፈቃድ በ30 ቀን ውስጥ ይቀየራል። ቨርጂኒያ የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱ ግዛቶች ስምምነት ስላላቸው ከደሞዛችሁ የቨርጂኒያ ታክስ እንዳይቆረጥ መሥሪያ ቤታችሁን ቪ ኤ 4 የሚባለውን ፎርም ጠይቁ። ሜሪላንድም ስምምነት አላት። ካላደረጋችሁ ዓመቱ ሲያልቅ የተቆረጠውን ከቨርጂኒያ ፋይል አድርጋችሁ ማስመለስ ይኖርባችኋል፣ ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ አንዴ ጠቅልሎ ይጠይቃችኋል።

ወላጆቻችሁ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ላይ ከሆኑ ይሄን በደንብ አንብቡ። ሜዲኬይድ ስቴት አይሻገርም። እዚያ ይዘጋል፣ እዚህ እንደ አዲስ ማመልከት ያስፈልጋል። ሆም ኬር (ቤት ድረስ የሚመጣ እንክብካቤ) ይሰጣቸው የነበረው ሰዓትም፣ እናንተ ተንከባካቢ ሆናችሁ ይከፈላችሁ የነበረውም አብሮ ይቆማል። የዌስት ቨርጂኒያ ደንብም ከለመዳችሁት ጋር አንድ አይደለም። ግሪን ካርድ ካገኙ 5 ዓመት ያልሞላቸው ደግሞ አብዛኞቹ ጭራሹን አይፈቀድላቸውም። ይሄ ገቢ በቤታችሁ ባጀት ውስጥ ካለ ያንን አውጥታችሁ ሂሳቡን እንደገና ሥሩት። ከመነሳታችሁ በፊትም ማመልከቻው እስኪያልቅ መድኃኒት እንዳይቋረጥባቸው ሐኪማቸው የሚፈቅደውን ያህል አስቀድማችሁ አስሞሉ።